ያስተዋውቃል እንጂ አይመሰክርም፦ በጎልማሳነት ዕድሜ የመተዋወቂያ ድረ ገጽ ስለ መምረጥ

ከሃምሳ ዓመት በኋላ የትዳር ወይም የኑሮ አጋር በኢንተርኔት ለመፈለግ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ድረ ገጽ ይሻላል?» ብሎ ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ የተደበቀው ግምት፣ ጥሩ ድረ ገጽ ማለት ጥሩ ሰው የሚያገናኝ ነው የሚል ሲሆን፣ ማስታወቂያዎቹም ሆኑ «ምርጥ አሥር» እየተባሉ የሚወጡት ዝርዝሮች ይህንኑ ግምት ያጠናክሩታል። ግምቱ ግን የተሳሳተ ነው። የመተዋወቂያ ድረ ገጽ የሚሠራው ሥራ የማይተዋወቁ ሰዎችን እርስ በርስ እንዲተያዩ ማድረግና ለዚህም ገንዘብ መቀበል ሲሆን፣ አንዱ ለሌላው ስለ ራሱ የነገረው እውነት ስለ መሆኑ ግን ድረ ገጹ ቃል አይሰጥም፤ ቢጠየቅም አባሉ ሲመዘገብ የተቀበለውን የአገልግሎት ውል ጠቅሶ ኃላፊነቱን ያወርዳል። ስለዚህ በዕድሜ የበሰለ ሰው ድረ ገጽን መምረጥ ያለበት በሚሰጠው ተስፋ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም በአካባቢው ስንት እኩያ እንደሚያሳየው፣ በምን ዓይነት ውል ገንዘብ እንደሚያስከፍለው፣ እንዲሁም ያገኘውን ሰው ማንነት ራሱ ለማጣራት ምን ያህል ዕድል እንደሚሰጠው ናቸው። የዚህ ሐተታ መከራከሪያም ይኸው ነው።

ከአራቱ ሥራዎች አንዱ ብቻ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የትዳር ሽማግሌነት ምን ምን ሥራዎችን ይዞ እንደ ኖረ መለየት ይጠቅማል። ሽማግሌ የተባለው ሰው የሁለቱን ወገን ቤት ያውቃልና ያስተዋውቃል፤ ጎረቤትንና ዘመድን ጠይቆ ያጣራል፤ ያጣራውን በአደባባይ ይመሰክራል፤ ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላም ጠብ ሲነሣ ተመልሶ ያስታርቃል። ከእነዚህ ከአራቱ መካከል ትልቁ ክብደት ያለው ምስክርነቱ ነበር፤ ምክንያቱም የተናገረው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚጎድለው የራሱ ክብር በመሆኑ፣ ዋጋ የሚያስከፍለውን ቃል በቀላሉ አይሰጥም ነበር። ይህን ሲሉ የጥንቱን ሥርዓት እንከን የለሽ ማድረግ አይገባም፤ የሴቲቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ያጋባው፣ የቤተሰብን ጥቅም ከተጋቢዎቹ ፍላጎት አስቀድሞ ያየው ሽማግሌ ጥቂት አልነበረም። ሆኖም ኢንተርኔት ከአራቱ ሥራዎች የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ፣ እርሱንም ከሽማግሌው ይልቅ እጅግ አስፍቶ ሲሠራ፣ የቀሩትን ሦስቱን ማን እንደሚሠራቸው ሳይናገር ተወው። ዛሬ የሚታየው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱ ይበልጥ የሚሰማው ደግሞ በዕድሜ ለገፉት ነው። ማች ዶት ኮም የተባለው ቀደምት የመተዋወቂያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀምር ነገሩ የጥቂቶች ሙከራ ነበር፤ የስታንፎርዱ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ በ2019 ያሳተሙት ጥናት ግን በ2017 ከተገናኙት የአሜሪካ ወንድና ሴት ጥንዶች መካከል 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት መሆኑን አሳይቷል። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2022 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 64 ከሆኑት አሜሪካውያን 20 በመቶ፣ 65ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 13 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ተጠቅመዋል። ከዚህ ጎን ሱዛን ብራውንና አይ ፈን ሊን የተባሉት ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ የፍቺ መጠን ከ1990 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በእጥፍ ጨምሯል። የኢትዮጵያውያንም ታሪክ በዚህ ውስጥ አለበት፤ በሱዳን በኩል አልፈው በ1980 የወጣውን የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ተከትለው የገቡትና በዲቪ ዕጣ የሄዱት ብዙዎቹ ዛሬ ሃምሳን ወይም ስልሳን ተሻግረዋል። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ተፋትተዋል፣ አንዳንዶቹም የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ዕድርም ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለ፤ ነገር ግን ስለ ስልሳ ዓመት ሰው ትዳር ልጠይቅ ብሎ የሚነሣ ሽማግሌ በቀላሉ አይገኝም፤ ሰውየውም ራሱ እንዲጠየቅለት ያፍራል።

ስለ ማዛመድ የሚሰጠው ተስፋ

በጎልማሶች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት ያለው አመለካከት፣ ረጅም መጠይቅ የሚያስሞላና በርከት ያለ ገንዘብ የሚያስከፍል ድረ ገጽ የተሻለ ያዛምዳል የሚል ነው። የዚህ አመለካከት ዋና ምንጭ ኢሃርመኒ የተባለው ድረ ገጽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቋቋሙት ኒል ክላርክ ዋረን የሥነ ልቦና ሐኪም ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም አንድ አባል ከ400 በላይ ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይጠየቅ ነበር። የተመለሰውን ሁሉ አልጎሪዝም የሚባለው፣ ማለትም አስቀድሞ በተወሰነ የስሌት ቅደም ተከተል የሚሠራ መመሪያ፣ ይመዝንና «ለእርስዎ የሚስማማ» ያለውን ሰው ያቀርባል። መጠይቁ ሰውን በርጋታ ስለሚያሳስብና ለቀልድ የመጣውን ስለሚያሰለች የራሱ ጥቅም አለው፤ የማዛመድ ችሎታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢሊ ፊንክልና አራት ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ሰፊ የምርምር ግምገማ፣ ድረ ገጾቹ የሚመኩበት ስሌት ከሌላው መንገድ በተሻለ ሁኔታ ሰዎችን እንደሚያዛምድ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም። በ2017 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ከመተያየታቸው በፊት ስለ ራሳቸው የሞሏቸውን ከመቶ በላይ መለኪያዎች ለኮምፒዩተር ቢሰጡም፣ ኮምፒዩተሩ ማን በጠቅላላው ተፈላጊ እንደሚሆን በመጠኑ ሊገምት ሲችል፣ ማን ለየትኛው ሰው ልቡ እንደሚያደላ ግን ሊናገር አልቻለም። የብሪታንያ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪም በ2018 መጀመሪያ ላይ ኢሃርመኒ ስልቱን «በሳይንስ የተረጋገጠ» ብሎ ያወጣው ማስታወቂያ ዳግም እንዳይወጣ አግዷል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቀርበው ጠንካራ መረጃ በጆን ካቾፖና በባልደረቦቹ በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ጥናቱ ከ2005 እስከ 2012 የተጋቡ ከ19 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ጠይቆ፣ ከሢሶ በላይ የሚሆኑት በኢንተርኔት እንደ ተዋወቁ፣ በዚህ መንገድ ከተጋቡት 94 በመቶ ገደማ፣ በሌላ መንገድ ከተጋቡት ደግሞ 92 በመቶ ገደማ በትዳራቸው ጸንተው እንደ ተገኙ ገልጿል። የጥናቱ ወጪ በኢሃርመኒ መሸፈኑ ብቻውን ውጤቱን ውድቅ ባያደርገውም፣ ጥናቱ ራሱ የሚያረጋግጠው በኢንተርኔት መተዋወቅ ትዳርን እንደማይጎዳ ነው እንጂ የአንድ ድረ ገጽ ስሌት ከሌላው እንደሚበልጥ አይደለም። ሁለቱን ወገን አብሮ ያየ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ የኢንተርኔት ትውውቅ እንደ መንገድ የሚናቅ አይደለም፣ ነገር ግን ለማዛመጃው ስሌት ሲባል ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ላልተረጋገጠ ነገር መክፈል ነው። በተለይ ሃምሳ ዓመት የኖረ ሰው ከሃያ ዓመት ወጣት ይልቅ የሚፈልገውንና የማይችለውን ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ከመጠይቁ የሚያገኘው ትምህርት ያን ያህል አዲስ አይሆንለትም።

ገንዘቡ በምን መንገድ ይገኛል?

ድረ ገጽ መምረጥ ውል መምረጥ ነው ሲባል ነገሩ ከንግግር አያልፍም የሚሉ አሉ፤ ዋናው ሰው ማግኘቱ ነው፣ ሠላሳና አርባ ዶላር ማንንም አያደኸይም ባዮች ናቸው። ይሁን እንጂ የገቢው መንገድ የአገልግሎቱን ጠባይ ይወስነዋል። ማች ግሩፕ የተባለው ኩባንያ ማችን፣ ቲንደርን፣ ኦኬኪዩፒድን፣ ሂንጅን፣ ፕሌንቲ ኦፍ ፊሽንና ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀውን አወርታይምን ጨምሮ በርካታ ድረ ገጾችን ይዞ፣ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገባው በአብዛኛው ከራሳቸው ከተጠቃሚዎቹ ኪስ ነው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ሰው ባገኘ ጊዜ ሁለት ከፋዮች በአንድ ቀን ይወጣሉ። ከዚህ ተነሥቶ ኩባንያዎቹ ሰው እንዳይገናኝ ይሠራሉ ማለት ግን ከመረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል፤ ማንንም የማያገናኝ ድረ ገጽ ስሙ ጠፍቶ ከገበያ ይወጣልና። የጥቅም ግጭቱ የሚታየው በመጨረሻው ውጤት ሳይሆን በትንንሾቹ አሠራሮች ነው፤ ማለትም ነጻው አባል ከፋይ እንዲሆን በሚገፋበት፣ ከፋዩም እንዳይወጣ በሚያዝበት መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በመስከረም ወር 2019 በማች ግሩፕ ላይ የመሠረተው ክስ ነው። በክሱ እንደ ቀረበው፣ በማች ዶት ኮም ላይ በነጻ የተመዘገበ ሰው አንድ ቀን «የሆነ ሰው ወዶዎታል» የሚል መልእክት በኢሜይል ይደርሰው ነበር፤ የላከው ማን እንደ ሆነና ምን እንዳለ ለማየት ግን የአባልነት ክፍያ መክፈል ነበረበት። ኮሚሽኑ እንዳለው ከእነዚህ መልእክቶች ብዙዎቹ ኩባንያው ራሱ አጭበርባሪ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ምልክት ካደረገባቸው አድራሻዎች የመጡ ነበሩ፤ ለከፋይ አባላት እንዳይደርሱ ተይዘው ሳለ ላልከፈሉት ግን እንደ ማባበያ ይላኩ ነበር። ክሱ በተጨማሪ በስድስት ወር ውስጥ ሰው ካልተገኘ ሌላ ስድስት ወር በነጻ ይታደሳል የሚለው ዋስትና በበቂ ሁኔታ ያልተገለጡ ቅድመ ሁኔታዎች እንዳሉበትና አባልነትን መሰረዝም አስቸጋሪ ተደርጎ እንደ ነበር ይጠቅሳል። ኩባንያው ለዓመታት ሲከራከር ቆይቶ በነሐሴ 2025 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል፣ የዋስትናውን ሁኔታ በግልጽ ለማሳወቅና ስረዛውን ቀላል ለማድረግ ተስማምቷል። ዕድሜም ቢሆን በዋጋው ውስጥ ገብቶ ያውቃል፤ ቲንደር በአንድ ወቅት ለተሻሻለው አገልግሎቱ ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን 19.99 ዶላር ሲያስከፍል ወጣቶቹን በ9.99 ወይም በ14.99 ዶላር ያስተናግድ ነበርና፣ የካሊፎርኒያ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 እንዲህ ያለው ልዩነት የግዛቲቱን የእኩልነት ሕግ የሚጻረር ነው ብሏል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች የሚያስተምሩት ነገር አለ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚነበበው ስለ ፍቅር የተጻፈው ገጽ ሳይሆን፣ ክፍያው በራሱ ይታደስ እንደ ሆነና እንዴት እንደሚቋረጥ የሚናገረው ገጽ መሆን አለበት፤ በስድስት ወር ውል ከመታሰርም የአንድ ወሩን፣ ምንም እንኳ በወር ሲሰላ ቢወደድ፣ መምረጥ ይሻላል።

ለጎልማሶች ብቻ፣ ለሐበሻ ብቻ

ብዙ ጎልማሳ ሰዎች ወደ አጠቃላዩ ድረ ገጽ ከመግባት ለዕድሜ እኩዮቻቸው ብቻ ወይም ለወገናቸው ብቻ የተከፈተውን ይመርጣሉ። ምርጫው ከክብር ስሜት የሚመነጭ በመሆኑ ሊናቅ አይገባም፤ የልጃቸው እኩዮች በሚመላለሱበት ገጽ ላይ ፎቶግራፋቸውን ማየት የማይፈልጉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው፣ ከላይ እንደ ተጠቀሰው፣ ለጎልማሶች ብቻ የተባለው ድረ ገጽ የወጣቶቹ ድረ ገጽ ባለቤት በሆነው በዚያው ኩባንያ ሥር ሊሆን ስለሚችል፣ የበሩ ስም መለየቱ ብቻውን የአሠራር ልዩነት መኖሩን አያሳይም። ሁለተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ያህል በግምት ቁጥር ቢሰላ፣ አንድ ሚሊዮን አባላት ያሉት አጠቃላይ ድረ ገጽ ከአባላቱ አንድ አምስተኛው ከሃምሳ በላይ ቢሆኑ 200 ሺህ ይሆናሉ፤ የሚፈለገው ጾታ ግማሹ ነውና 100 ሺህ ይቀራል፤ ከእነዚህ ፈላጊው በሚኖርበት ከተማ አካባቢ ያሉት ሁለት በመቶ ቢሆኑ 2 ሺህ፣ በወሩ ውስጥ ገጻቸውን የከፈቱት ደግሞ ሩብ ያህሉ ቢሆኑ 500 ሰዎች ይገኛሉ። በሌላ በኩል መቶ ሺህ አባላት ብቻ ያሉት፣ ግን ሁሉም ከሃምሳ በላይ የሆኑበት ድረ ገጽ በዚሁ ስሌት የሚያስገኘው 250 ሰዎችን ነው። የተለየ መሆኑ ያስገኘው ጥቅም በቁጥሩ ማነስ ይዋጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ሚሊዮን አባላት አሉን» የሚለውም «ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» የሚለውም በራሱ ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው በነጻ ተመዝግቦ፣ ዕድሜንና ርቀትን ገድቦ፣ በቅርቡ ገጻቸውን የከፈቱትን ብቻ መርጦ የተገኘው ቁጥር ነው።

ለሐበሻ ብቻ ስለ ተከፈቱት ድረ ገጾችና በቴሌግራም ስለሚሠሩት የትዳር ማፈላለጊያ ቻናሎች ሲሆን ሚዛኑ ከዚህ ይለያል። በዋሽንግተን አቅራቢያ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የምትኖር የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት በእንዲህ ያለ ቦታ ፕሮፋይሏን፣ ማለትም ፎቶግራፏንና ስለ ራሷ የምትጽፈውን መግለጫ፣ ብታወጣ፣ በሳምንቱ ውስጥ የዕድሯ አባላት ሊያዩት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሊተላለፍም ይችላል። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በ2015 አሽሊ ማዲሰን የተባለው ድረ ገጽ ተሰብሮ ወደ 37 ሚሊዮን የሚጠጉ ተጠቃሚዎች መረጃ በተበተነ ጊዜ የብዙ ሰዎች ኑሮ ተናግቷል፤ ሞዚላ ፋውንዴሽንም በ2024 ከመረመራቸው 25 የመተዋወቂያ መተግበሪያዎች 22ቱን በግል መረጃ አያያዛቸው ተችቷቸዋል። ሆኖም ማኅበረሰቡ ትንሽ መሆኑ የሚያጋልጠውን ያህል ያጣራል፤ ሰውየው ነኝ ያለውን መሆኑን የሚያውቅ፣ ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ፣ የቀድሞ ሚስቱ ምን እንደምትል የሚናገር ሰው በሁለት ስልክ ጥሪ ይገኛል። የሐበሻ ድረ ገጽ ዋነኛ ጥቅም እንግዲህ ቋንቋውና ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ድረ ገጹ የማይሰጠውን ምስክር ማኅበረሰቡ ሊሰጥ መቻሉ ነው። ከወገን ርቆ በሞንታና ወይም በሰሜን ዳኮታ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ጥቅም ስለማይደርሰው፣ ለእርሱ ሰፊው ድረ ገጽ ይሻለዋል።

ምስክር የሌለበት ትውውቅ

የምስክር አለመኖር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው የፍቅር ማጭበርበር የሚባለው ወንጀል ነው፤ ይኸውም የሐሰት ማንነት ይዞ የሰውን ልብ ካሸነፉ በኋላ ገንዘቡን መውሰድ ነው። ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አቤት ብለው፣ ያጡትም ገንዘብ በድምሩ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ስለ 2021 በወጣው መረጃ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ሰባ ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደርሶ፣ መካከለኛው የኪሳራ መጠን 9 ሺህ ዶላር ሆኖ ተመዝግቧል። አሠራሩ ተደጋጋሚ ነው። ሰውየው በባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ወይም በሩቅ አገር የተመደበ ወታደር፣ ወይም በዓለም አቀፍ ድርጅት ሥር ያለ ሐኪም ነኝ ይላል፤ ሥራው በአካል መገናኘትን የማያስችል ሆኖ የተመረጠ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ከድረ ገጹ ወጥተን በዋትስአፕ እንነጋገር ይላል፤ በየማለዳው እንዴት አደርሽ፣ በየምሽቱ እንዴት ዋልሽ እያለ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ድንገተኛ ሕመም፣ የታሰረ ዘመድ ወይም ትርፉ የተረጋገጠ የክሪፕቶ ገንዘብ ኢንቨስትመንት ይመጣል። ወሬው ከድረ ገጹ የሚወጣበት ምክንያት ድረ ገጹ ያለውን ጥቂት ጥበቃ ለማምለጥ ስለሆነ፣ ጥሪው ራሱ ምልክት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአካል ወይም ቢያንስ በቪዲዮ ሳይተያዩ የሚፋጠን ትውውቅ መጨረሻው አያምርም።

ከማጭበርበሩ ባሻገር የመመዝገቢያው ቅጽ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ቅጹ ያላገባ፣ የተፋታ፣ የሞተበት የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው አንዱን ይነካል፤ ያ ሁሉ ግን ከራሱ ቃል ሌላ ማስረጃ የለውም። በኢትዮጵያዊ ኑሮ ውስጥ ያሉት ጉዳዮች ደግሞ በእነዚህ ምርጫዎች አይሸፈኑም፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተፋትቶ በቁርባን የታሰረ ሰው አለ፤ በሀገር ቤት ያልፈረሰ ጋብቻ ይዞ በውጭ ብቸኛ ነኝ የሚል አለ፤ በየወሩ ለእናቱና ለወንድሞቹ የሚልከው ገንዘብ ለአዲስ ጎጆ የማያስተርፈው አለ። የኒው ጀርሲ ግዛት በ2008 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ድረ ገጾች የአባላትን የወንጀል ታሪክ ያጣሩ ወይም አያጣሩ እንደ ሆነ በግልጽ እንዲያሳውቁ አዟል፤ ይህ ሕግ በራሱ የሚያሳየው አለማጣራቱ ብዙ ጊዜ የተለመደ መሆኑን ነው።

ትውውቁ ድንበር ሲሻገር የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይጨምራል። አንድ የአሜሪካ ዜጋ በአዲስ አበባ ወይም በቤሩት የምትኖር ሴትን በእጮኛ ቪዛ ለማስገባት ሲያመለክት፣ በመደበኛው አሠራር ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መተያየታቸውን ማስረዳት አለበት፤ ከገባችም በኋላ በዘጠና ቀን ውስጥ መጋባት ይኖርባቸዋል። ከዚያም የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚፈርመው የገንዘብ ድጋፍ ግዴታ በፍቺ አይቋረጥም፤ ሴቲቱ ዜጋ እስክትሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል የሚሆን የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርላት ድረስ ሊጸና ይችላል። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመታት ለቀሩት ሰው ይህ ቀላል ፊርማ አይደለም። በሌላ ወገን ያለችውን ሴት ለመጠበቅ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የዓለም አቀፍ ጋብቻ ደላሎች ሕግ፣ ዋና ሥራቸው አሜሪካውያንን ከውጭ ዜጎች ጋር ማገናኘት የሆነ ድርጅቶች የአሜሪካዊውን የወንጀል ታሪክ ለሴቲቱ ሳያሳውቁ አድራሻዋን እንዳይሰጡት ያስገድዳል፤ አጠቃላይ ድረ ገጾችና ለትርፍ ያልቆሙ የባህልና የሃይማኖት አጋቢዎች ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ ናቸው። ስለዚህ በተራ ድረ ገጽ ለተጀመረ የድንበር ተሻጋሪ ትውውቅ ይህ በደላሎች ላይ የተጣለው ግዴታ እንኳ አይደርስለትም። የንብረትና የገቢ ጉዳይም አለ፤ በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የተሠራ ቤት የግል ሆኖ እንዲቀጥል ሲያደርግ ከዚያ ቤት የሚገኘውን ኪራይ ግን የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በአሜሪካም ቢሆን ከስልሳ ዓመቷ በፊት እንደገና የምታገባ መበለት በሟች ባሏ የምታገኘው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ይቋረጥባታል፤ ከስልሳ በኋላ ብታገባ ግን ይቀጥልላታል። እነዚህን ለመሰሉ ጥያቄዎች የትኛውም ድረ ገጽ መልስ የለውም።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

በዚህ ሁሉ ላይ ሊነሣ የሚችለው ከባድ ተቃውሞ፣ ማጣራቱን ሁሉ ለተጠቃሚው ማሸከም የኩባንያዎቹን ኃላፊነት ማቅለል ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ የአባሉን ክፍያ በራሱ እያደሰ የሚወስድ ድርጅት የአባሉን ማንነት በመታወቂያ ማጣራት አይከብደውም፣ ሕጉም ወደዚያ ቢያመራ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ እስኪሆን ድረስ ፈላጊው መጠበቅ የለበትም፤ የመታወቂያ ማጣራትም ቢኖር ሰውየው እርሱ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ ታማኝ መሆኑን አያረጋግጥም። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ይዞ የሚገባ ሰው ማንንም አያገኝም የሚል ነው። ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ማጣራት ሌላውን መክሰስ ስላልሆነ፣ ጠያቂው ስለ ራሱም ሊጠየቅ ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ ለበሰለ ሰው ክብሩ ነው። ይልቁንም ስሙን፣ የሥራ ቦታውንና የሚያውቁትን ሁለት ሰዎች ለመናገር የማይፈቅድ ሰው ከመጀመሪያው መለየቱ ጊዜን ያተርፋል።

ከዚህ በመነሣት የምርጫው ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ፈላጊው መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይስማማል፤ ትዳር ነው የሚሻው፣ ወይስ አብሮ ቡና የሚጠጣና የሚጓዝ ጓደኛ፤ ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባው መቼ ነው፤ ንብረቱስ በምን ውል ይጠበቃል። ቀጥሎ በነጻ ገብቶ በአቅራቢያው ያሉትን እኩዮቹን ይቆጥራል፤ ከዚያም የክፍያውንና የስረዛውን ውል አንብቦ አጭሩን ይመርጣል። በመጨረሻም ድረ ገጹ የቪዲዮ ንግግርን፣ ሰውን ማገድንና ለድረ ገጹ መጠቆምን፣ መረጃን ማጥፋትን የሚፈቅድ መሆኑን ያያል። የገጹን ስምና ዝና ያስቀደመ ሰው እነዚህን ሁሉ ከከፈለ በኋላ ይማራቸዋል። ሰው ከተገኘ በኋላ ደግሞ የትውውቁ ዕድሜ በኢንተርኔት ላይ አጭር መሆን አለበት፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕዝብ በሚመላለስበት ቦታ በአካል መተያየት፣ ቀጥሎም ስለዚያ ሰው የሚያውቅ ወዳጅ፣ የንስሐ አባት ወይም የቆየ ጎረቤት ፈልጎ መጠየቅ ይገባል። ድረ ገጹ ማስተዋወቁን በሚገባ ከሠራ ሥራውን ጨርሷል፤ ማጣራትና መመስከር ግን ዛሬም የሰው ሥራ ናቸው፣ ይህን ተቀብሎ የሚጀምር ጎልማሳም የትኛውን ድረ ገጽ ቢመርጥ የሚደርስበት ጉዳት ያነሰ፣ የሚያገኘው ሰውም የታወቀ ይሆናል።